የቦሌ በር ስንት ሰዓት ይከፈታል

ጉርድ ሾላ ላይ ሪሀና እንድሪስን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ለሰፈሩ አዲስ ነው ወይ ደግሞ ጌም የሚባል ነገር አይወድም። እሷን ለማወቅ ግን ጌም መጫወት ግድ አልነበረም። የመንገድ ዳሯን ክፍል በር ገፋ አድርጎ ግድግዳውን ማየት ብቻ ይበቃል። ግድግዳውን ያየ ሰው «ይሄ ደግሞ የየት አገር ካርታ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አይወጣም፤ ሪሀናም መልስ የምትሰስት ልጅ አልነበረችም። ኧረ እንዲያውም ጀምራ ያስቆማት ሰው የለም።

ጊዜው ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ወንድሟ ሰዲቅ፣ ድሮ ሱቅ በነበረችው ክፍል ውስጥ አንድ ቲቪና አንድ የጌም ማሽን አስቀምጦ ጌም ቤት ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ የአሰብ መኪና ላይ ሥራ አገኘና ቁልፉን ለእህቱ ወርውሮላት ሄደ። «እስክመለስ ያዥልኝ» ነበር ያላት። ሪሀና ያኔ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ቆይታለች። ታይፕ ጀምራ ትታለች። ልብስ ስፌት ጀምራ ትታለች። ለቲቪ ልብስ የሚሆን ዳንቴል ጀምራ እሱም ግማሽ ላይ ቆሟል፤ ያው ግማሹ ዳንቴል የጌም ቤቱ ቲቪ አናት ላይ ተጥሎ የሚያይ ሁሉ ይስቅበታል።

ከሁሉ በላይ የሚስቁት አባቷ ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። ከወሎ ቃሉ መጥተው፣ ከመገናኛ በጉርድ ሾላ ሲኤምሲ ድረስ ሚኒባስ የሚነዱ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ በስሙ የሚያውቁ፣ አፋቸው ለቀልድ የማይቦዝን ሰው ናቸው። «የኔ ልጅ መጀመር ትችልበታለች!» ይላሉ፣ ሰው በተሰበሰበበት። ሰው ይስቃል፤ ሪሀናም አብራ ትስቃለች፤ ውስጧ ግን እርር ይላል። ጌም ቤቱንማ ስሙን እንኳ አይጠሩትም። «ያ ቤት» ነው የሚሉት። «ሪሀና የታለች?» ሲባሉ፣ «የት ትሆናለች፣ ያ ቤት ተጎልታ ነዋ!»

እውነትም ተጎልታ ነበር። ሥራዋ ተራ ማስያዝ፣ ሰዓት መያዝና ካሴት መቀየር ነው። ካሴት የሚባለው ማሽኑ ላይ የሚሰካው፣ ጌሙ ያለበት ነገር ነው፤ እምቢ ሲል አውጥቶ እፍ ይባልበታል፣ አሁንም እምቢ ሲል ትንፋሹ ይሻላል ለተባለ ሰው ይሰጣል። ያሉት ካሴቶች ተኩስና ኳስ ብቻ ስለነበሩ ሪሀናን ቶሎ ሰለቿት። ይሄኔ ነው ብሩክታይት ጎራዴውን ይዛ የመጣችው።

ብሩክታይት የሲኤምሲ ልጅ፣ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ፣ እንግሊዝኛ እንደ ልቧ የምታወራ፣ ከሪሀና ጋር ደግሞ ታክሲ ውስጥ ተዋውቃ ጓደኛ የሆነች ናት። የአክስቷ ልጅ አብኔዘር ለእረፍት ከውጭ ሲመጣ ይዞት የመጣውን ካሴት ለምና ተዋሰችው፣ እስኪመለስ ድረስ። ካሴቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተልጦ የቀረው የጎራዴ ሥዕል ብቻ ስለሆነ የጌሙን ስም ማንም አያውቅም፤ አብኔዘርም ረስቶታል። እናም ስሙ ጎራዴው ሆነ።

ወይ ጎራዴው! እንዲህ ያለ ጌም ሰፈሩ አይቶ አያውቅም። ጎራዴ የያዘ ትንሽዬ ሰውዬ ዱሩንና ከተማውን ሲያቋርጥ ከላይ ሆነህ ታየዋለህ። የስክሪኑ ጫፍ ሲደርስ ያ ቦታ ይሄድና ሌላ ቦታ ይመጣል፤ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ላይኛው ጥግ ላይ ደግሞ ፀሐይ አለች። ትወጣለች፣ አናት ላይ ትደርሳለች፣ ትጠልቃለች፤ ስትጠልቅ ሁሉም ነገር ይጨልምና ከጫካው ጅቦች ይወጣሉ። ስለዚህ ብልህ የሆነ ሁሉ ሳይመሽ ማረፊያ ቤቱ ገብቶ ሰውየውን ያስተኛዋል፤ ሲነሳ ፀሐይ ከፍ ብላ ያገኛታል። የደረሱበትን አስቀምጦ በኋላ ከዚያ መቀጠል የለም። ሰውየው ከሞተ ወይ መብራት ከሄደ፣ አበቃ፣ ከሀ ነው የሚጀመረው። መብራት ደግሞ መሄድ ትወድ ነበር።

ታዲያ የሚጫወቱት ሁሉ ይጠፋሉ። ዞረው ዞረው የነበሩበት ይመለሳሉ፤ ሪሀና ከወንበሯ ሆና «እንዴ! አሁን እኮ እዚህ ነበርክ! በግራ ነው፣ በግራ!» እያለች ትጮሃለች። አንድ ቀን መጮሁ ሰለቻትና ያለፈ ዓመት ካላንደር ከግድግዳ አውርዳ ገለበጠች፤ የክብሪት ቀፎ ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በእስክሪፕቶ አሰመረች። አንድ ስክሪን፣ አንድ ክብሪት። ውስጡን ዛፉን፣ ድንጋዩን፣ ውሃውን ሳለች። ሰውየው ቦታ ሲቀይር ክብሪቱን ከጎኑ አስቀምጣ ሌላ አሰመረች። ካላንደሩ ሲሞላ ሌላ ካላንደር በሊጥ አጣበቀች። እጇ ቀለም በቀለም ሆኖ ማታ ቤት ስትገባ እናቷ «ምን ነክቶሽ ነው?» አሏት፤ ሪሀና እንዴት ብላ ታስረዳ? ቢስሚላህ ብላ ጀምራ መቆም ያቃታት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ቦታዎቹን የሰየመው ላጲሶ ነው። ላጲሶ የጋሽ እንድሪስ ወያላ ነው፤ አፉም ጣቱም የሚፈጥን፣ በሰፈሩ ውስጥ ጆይስቲክ ሲይዝ የሚተካከለው የሌለ ጎረምሳ። ካርታው በተጀመረ ቀን ሰውየውን አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲያደርሰው አፉ ለምዶበት «ጉርድ ሾላ! ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሪሀናም ሳቋን ሳትጨርስ ክብሪቱ ውስጥ «ጉርድ ሾላ» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው! ነጋዴዎቹ የሚሰበሰቡበት ሾላ ገበያ ሆነ። አጥሩ በአበባ ያማረው ማረፊያ ቤት ሲኤምሲ ተባለ። ከጫካው ማዶ ያለው ትልቅ የብረት በር ደግሞ፣ ሰው ደርሶ ቆሞ አይቶ የሚመለስበት እንጂ የሚገባበት ስላልሆነ፣ ላጲሶ ገና ሲያየው «ቦሌ! ሸኚ እስከዚህ ነው!» አለ። ቦሌ ሆኖ ቀረ።

ሪሀና ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ትጽፋለች። መጻፉ ከመሳሉ በላይ ይጥማት ነበር። «እዚህ ጋ አትቁሙ፣ ጅብ አለ።» «ይሄ ሽማግሌ ዝም ብሎ ወሬ ነው፣ እለፉት።» «ሾላ ገበያ ጋሻ አለ። ሳትይዙ ወደ ጫካ እንዳትገቡ፣ ወላሂ ትጸጸታላችሁ!» ሰው ተራውን ሲጠብቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያነባል። መጫወት ቀርቶ ለማንበብ ብቻ የሚመጡም ነበሩ፤ ካርታው የሌላቸው ጌም ቤቶች ጎራዴው ቢኖራቸው እንኳ ምን ይሠሩበት ነበር!

ችግሩ ቦሌ ነው። በሩ ጎን አንድ ዘበኛ ቆሟል፤ ስታናግረው አንዲት መስመር በእንግሊዝኛ ይናገራል። ብሩክታይት ገና ስታነበው ዓይኗን ሳታሽ ተረጎመችው፦ «በሩ ስድስት ሰዓት ላይ ይከፈታል ይላል።»

ስድስት ሰዓት! ታዲያ ይሄ ምን ይከብዳል? ላጲሶ ሰውየውን በሩ ፊት ገትሮ ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ ጠበቀ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች፣ አለፈች። በሩ ንቅንቅ አላለም። በማግስቱም ሞከሩ። የሌሊቱን ስድስትም ሞከሩ፤ ሰውየውን ጅቦቹ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ቅርጥፍ አደረጉት። «ካሴቱ ተበላሽቷል» ያለ አለ። «ዘበኛው ጉቦ ፈልጎ ነው» ያለም አለ። ቀስ በቀስ ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ወደ ተኩሱና ወደ ኳሱ ተመለሰ።

ሪሀና ግን እንዴት ትመለስ! ካርታው ግድግዳውን ሞልቶ፣ ከቦሌ በር ወዲያ ያለው ብቻ ባዶ ነጭ ሆኖ ይታያታል። ስትተኛም ይታያታል። አንድ ቀን እልህ ይዟት ቀይ እስክሪፕቶ አነሳችና ነጩ መሃል ላይ በትልቁ «ይከፈታል» ብላ ጻፈችበት። መጻፏ ደግሞ ነገሩን አባሰው። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ በበሩ ብቅ እያለ «ሪሀና፣ ነጩ እንዴት አደረ?» ይላት ጀመር።

ጋሽ እንድሪስም አንድ ጊዜ ላጲሶን ፍለጋ ሲገቡ ካርታውን አይተው ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «ሾላ ገበያን ምን ብለሽ ነው ከጉርድ ሾላ በታች ያደረግሽው? በዚህ መንገድ ብነዳ ተሳፋሪው አንቆ ይገድለኛል» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ከዚያ ነጩን አዩትና ቲቪው ላይ ወዳለው ግማሽ ዳንቴል በአገጫቸው አመለከቱ። «እሱም እንደዚያኛው ቀረ?» አሉ። ይሄኔ ቤቱ የባሰ ሳቀ። ሪሀና አልሳቀችም። ካሴት የምታጸዳ መስላ ዞረች። ታይፑም ስፌቱም ዳንቴሉም ይቅር፤ ይህቺን አንዲት ነገር ሳልጨርስ ካሴቱ ከሄደ ግን እኔ ሰው አይደለሁም አለች በሆዷ።

ካሴቱ ደግሞ መሄጃው ደርሷል። አብኔዘር እሁድ ይበራል። ብሩክታይት ስንት ሰዓት እንደሚበር ጠይቃው «ስድስት ሰዓት ነው» ብላ ነግራታለች። ስለዚህ ሪሀናና ላጲሶ ተማክረዋል፤ እሁድ በጠዋት ተነስተው፣ ቤቱ ሰው ሳይበዛበት፣ ከመጀመሪያው እስከ ቦሌ በካርታው ይሄዳሉ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በሩን ይሞክሩታል፣ ካሴቱንም ረፋዱ ላይ ይመልሳሉ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሦስቱም ጌም ቤት ቁጭ ብለው ይሄንኑ ሲያወሩ፣ የጋሽ እንድሪስ ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመችና እሳቸው በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። የአብኔዘር ሸኚ ብዙ ስለሆነ ቤተሰቡ ሚኒባሷን በኮንትራት ይዟታል።

«ብሩክታይት፣ ያ የነገው መንገደኛ ስንት ሰዓት ነው በረራው?»

«ስድስት ሰዓት፣ ጋሼ።»

«በኛ ነው በፈረንጅ?»

ይሄ በሸገር ሰው ሁሉ በቀን ስንቴ የሚጠይቀው፣ ማንም ልብ የማይለው ጥያቄ ነው። ሪሀና ግን ልብ አለችው።

ብሩክታይት ተንተባተበች። «እሱ... በእንግሊዝኛ ነው የነገረኝ። ስድስት ነው ያለኝ። እኔ... ስድስት አልኩ።»

«ታዲያ በፈረንጅ ነዋ! የኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ነው፣ ንጋት ላይ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ጉድ ልትሠሩኝ ነበር! ቦሌ ላይ የኛ ሰዓት የሚባል ነገር የለም፣ ልጄ። የዛሬ ስንት ዓመት አንዱ ያገራችን ሰው ትኬቱ ላይ ስምንት የሚል አይቶ፣ ምሳውን ጥግብ ብሎ በልቶ፣ ልክ በስምንት ሰዓት ቦሌ አደረስኩት። አውሮፕላኑ ጅዳ ገብቶ አርፏል!»

ሪሀና አልሰማቻቸውም። ብድግ ብላ ግድግዳውን ትኩር ብላ እያየች ነበር። ቦሌ። በራሷ እጅ የጻፈችው፣ ቦሌ። ስድስት ሰዓት ይከፈታል ያለውም ያው ፈረንጅ፣ የተረጎመችውም ያቺው ብሩክታይት!

«ያ አላህ!» ብላ ጮኸች፤ ጋሽ እንድሪስ እንኳ ደነገጡ። «ላጲሶ! የኛ ስድስት አይደለም! እኛ ቦሌ ብለን ሰይመን በሀበሻ ሰዓት ቆመን እንጠብቃለን! አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የሚከፈተው! አሥራ ሁለት!»

ላጲሶ ጭንቅላቱን ያዘ። ብሩክታይት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች፤ ስትገልጠው እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች አይለይም። «ወይኔ፣ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያበላሸሁት!»

«ቆይ ግን» አለ ላጲሶ፣ እጁን ከጭንቅላቱ ሳያወርድ። «አውሮፕላኑም በፈረንጅ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ምንም ካሴት የለንም።»

እውነቱን ነው። ያው አንድ ስድስት ሰዓት በሩን ሊከፍትላቸው መጥቶ እሁድን ወሰደባቸው። ብሩክታይት ወደ ጎረቤት ፋርማሲ ሮጣ ስልክ ደወለች፤ ተመለሰችም። አብኔዘር ሻንጣውን እየዘጋ ነው፣ ካሴቱን ፀሐይ ሳትጠልቅ አምጪልኝ ብሏል። የቀረቻቸው ይህቺ ከሰዓት ብቻ ናት፤ ያውም ከሀ ጀምረው።

«በቃ፣ መጀመር ካለባችሁ ቶሎ ጀምሩ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ላጲሶ ግን ና፣ መኪናው ሞልቷል።»

ላጲሶ ሪሀናን አየ። ያለ ላጲሶ ጣት ጫካውን ማለፍ አይታሰብም። ሪሀና አባቷ ፊት ሄዳ ቆመች።

«አባዬ፣ ዛሬን ብቻ ይተዉልኝ። ይሄን ልጨርስ።»

ጋሽ እንድሪስ ቀልድ ሊወረውሩ አፋቸውን አሹለው ነበር፤ ልጃቸውን አይተው መለሱት። ከታክሲዋ ውስጥ ተሳፋሪው «ሹፌር! ኧረ እንሂድ!» ይላል። ወጡ፤ የሚኒባሷን በር ያለ ወያላ ራሳቸው ዘግተው ሄዱ።

ላጲሶ ጆይስቲኩን ያዘ። ሪሀና ካሴቱን አውጥታ እፍ አለችና ቢስሚላህ ብላ ሰካችው። ወሬ ደግሞ ጉርድ ሾላ ላይ እግር አለው፤ ሰውየው መጀመሪያው ድልድይ ሳይደርስ ክፍሏ ጢም ብላ ሞላች፣ በሩ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደረበ። ሪሀና ከካርታው ሥር ቆማ በማስመሪያ ትመራለች። «ቀጥታ! አሁን ወደ ላይ! ሽማግሌውን እለፈው፣ ወሬኛ ነው! ሾላ ገበያ ግባ፣ ጋሻውን ያዝ!» ላጲሶ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ጣቱ አይታይም ነበር።

ጉርድ ሾላ መስቀለኛው ላይ ሲደርሱ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። «ቀኝህን ይዘህ! ወደ ጫካው በቀኝ ነው የሚታጠፈው፣ አልፈኸው ልትሄድ ነው!» ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ሲኤምሲ ተሳፋሪውን አራግፈው ሚኒባሷን ከበሩ ፊት አቁመዋል። ባለፈው ቆመው ሲያሾፉ ያነበቡት ካርታ ለካ ጭንቅላታቸው ውስጥ ገብቶ ኖሯል፤ ሁሉም የሚያውቋቸው ፌርማታዎች ናቸዋ! ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ፊት መጡ።

የጌሙ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰውየው ቦሌ ደረሰ። ማንም በዚህ ሰዓት በሩ ፊት ቆሞ አያውቅም፤ ሁሉም በዚህ ሰዓት ወደ ሲኤምሲ ሮጦ ይተኛ ነበራ። ቲቪው ቀላ፣ ጠቆረ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ።

በሩ አልተከፈተም።

«አይ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ነጭ ነው፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል።»

ሪሀና ወደ ካርታው ዞረች። ከዚያ አባቷ በጆሮዋ በኩል «የማታው ነው ይሄ» አሉ፣ እንደ ሹፌር ረጋ ብለው። «አውሮፕላኑ የንጋት ነው ተባብለን የለ?»

«ላጲሶ፣ ንጋት!» ብላ ጮኸች። «እስኪነጋ እዚያው ቁም!»

እስኪነጋ! በዚያ ጨለማ! ወደ ማረፊያው ለመመለስ ረፍዷል፤ ጅቦቹ ከጫካው እየወጡ ነው። ላጲሶ ሰውየውን በሩን አስደግፎ ጋሻውን ፊት ለፊት አዞረ። አንዱ መጣ፣ መታው። ሁለት መጡ፣ አንዱን መታ፣ አንዱ ነከሰው። ከላይ ካሉት፣ ዕድሜውን ከሚቆጥሩት ቀይ ልቦች አንድ ጠፋ። አሁንም ሌላ ጠፋ። ሰው ሁሉ ይጮሃል፣ ማን ምን እንደሚል አይሰማም፤ ጋሽ እንድሪስ «በግራ መጣብህ! ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» ይላሉ፤ የምን ፍሬን እንደሆነ አላህ ይወቅ። ድንገት መብራቱ ስልም አለ። ቲቪው ጠበበ፣ ሥዕሉ ተንቀጠቀጠ። ቤቱ ሁሉ ባንድ አፍ «እባክሽ!» አለ፣ መብራትን። መብራት ሰማች፤ ተመለሰች። ሰውየው አለ። አንዲት ልብ ቀርታዋለች።

ከዚያ ጥጉ ላይ፣ ሁልጊዜ ተኝተው ያመለጣቸው ነገር ታየ። ቀጭን ብርቱካናማ መስመር። ጅቦቹ ቆሙ፣ ዞሩ፣ ሄዱ። ፀሐይዋ ጫፏን ብቅ ስታደርግ የብረቱ በር መሃሉ ላይ ተሰነጠቀና ግራና ቀኝ ተንሸራተተ።

የዚያን ቀን የተሰማው ጩኸት መገናኛ ድረስ ተሰምቷል የሚል ሰው አለ። ብሩክታይት ሪሀናን አቅፋ ትዘላለች። ፋርማሲስቷ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ሮጣ መጣች። ላጲሶ ላቡን በትከሻው ጠርጎ ዞረና ጆይስቲኩን ወደ ሪሀና ዘረጋ።

«እንቺ። የመጀመሪያዋን እግር አንቺ አስገቢ።»

ሪሀና ጆይስቲኩን አየችው። ስንት ጊዜ ተመኝታዋለች! ግን በአንድ እጇ ክብሪት፣ በሌላው እስክሪፕቶ ይዛለች፣ ወንበር ላይም ወጥታለች።

«አንተ ግባ!» አለችው። «እኔ እጄ ሥራ ላይ ነው። ቀስ ብለህ ብቻ፣ በእናትህ፣ አንድም ጥግ እንዳታስቀር!»

ላጲሶም ቀስ ብሎ ገባ። ከበሩ ወዲያ ከተማ ነበር፤ ጦርነት የለ፣ ጅብ የለ፣ ገና የምትነቃ ከተማ። መስኮቶች ይከፈታሉ፣ ዶሮዎች ይሯሯጣሉ፣ ውሃ ይቀዳል። ሪሀና ክብሪቷን ነጩ ላይ እያስቀመጠች፣ እያሰመረች፣ እየሳለች፣ ቀዩ «ይከፈታል» በቤትና በመንገድ እየተሸፈነ ሄደ። ማንም ፍጠኑ አላለም። ሰው ሁሉ አንዴ ቲቪውን፣ አንዴ ግድግዳውን ያያል። መጨረሻው ላይ አደባባዩ መሃል አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች፤ ላጲሶ ሰውየውን ፊቷ አቆመው። ፊደሎቹ ወጡ።

«አንብቢ፣ አንብቢ!» አሏት ብሩክታይትን።

ብሩክታይት ሁለቴ አነበበችው፤ ከእንግዲህ ሳታጣራ የምትተረጉመው ነገር የለም። ከዚያ ሳቋ አፈናት። «እንኳን ደህና መጣህ ይላል። ልክ በሰዓትህ ደርሰሃል ይላል!»

በሰዓትህ! ቤቱ በሳቅ ተተራመሰ። ጋሽ እንድሪስ ጉልበታቸውን ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። ሪሀና ወንበሩ ላይ እንደቆመች ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። አንዲትም ነጭ የለችበትም። ስትወርድ ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ቲቪውን አጥፍታ መወልወል ጀመረች።

ካሴቱ ወጣ፤ ለመጨረሻ ጊዜ እፍ ተባለበት፤ ብሩክታይትም ፀሐይ ሳትጠልቅ ልትመልሰው በጋሽ እንድሪስ ሚኒባስ ልትሄድ ተነሳች። ጋሽ እንድሪስ ግን አልተንቀሳቀሱም። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ካርታው ፊት ቆመዋል።

«የውስጡ ስሙ ማነው?» አሉ። «ይሄ ሁሉ ፌርማታ ስም ሲኖረው እሱ ምነው?»

ሪሀና ገና አልሰየመችውም። ላጲሶ ነው እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ልክ በታክሲዋ በር እንደተንጠለጠለ ሆኖ የጮኸው፦ «ሪሀና ጋ! ሪሀና ጋ ወራጅ አለ?» «አለ!» አለ ቤቱ። ሪሀና እምቢ ብትልም እስክሪፕቶውን ከእጇ ወስደው ጻፉት።

ከዚያ ወዲያ ጎራዴው የሚባል ካሴት ጉርድ ሾላ ተመልሶ አልመጣም። ላጲሶ ግን ልማዱ ሆኖበት የጌም ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ «ሪሀና ጋ ወራጅ!» ማለት ጀመረ፤ ከእሱ ሌሎች ወያሎች ለመዱት፤ ሪሀናን አይተዋት የማያውቁ ተሳፋሪዎችም «ሪሀና ጋ አውርደኝ» ይሉ ጀመር።

አንድ ቀን ላጲሶ አሞት ቀረና ጋሽ እንድሪስ ብቻቸውን ሲሠሩ ዋሉ። ሪሀና በሩ ላይ ቆማ ለአዲስ ካሴት አዲስ ካላንደር ስታጣብቅ ሚኒባሷ መጥታ ቆመች። መስኮቱ ወርዷል፣ ድምፃቸው ከመንገዱ ጩኸት በላይ ይሰማል።

«ሪሀና ጋ! ሪሀና ጋ ወራጅ አለ?»

አንዲት አዲስ ተሳፋሪ ከኋላ «ሪሀና ጋ የሚባለው የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ይሄው» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ያንን ቤት በአውራ ጣታቸው እያሳዩ። «ልጄ ጋ ነው።»